የሀፊዝ ልጅ መኪና

ዘሀራ ስልኩን ወደ መኪናው አፍንጫ አስጠግታ ያዘችው። ደሴ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነበረች። በስልኩ መስታወት ላይ የምትታየው ልጇ ሱሀይላ ደግሞ ጅዳ ናት፤ የአሠሪዎቿ ልጆች ከትምህርት ቤት እስኪወጡ መሪ እንደጨበጠች ትጠብቃለች።

«እማ፣ እስቲ ኮፈኑ ላይ እጅሽን አድርጊበት» አለች ሱሀይላ።

ዘሀራ አደረገች። «ይሞቃል።»

«እንግዲያው ተዪው። ሳትመጪ በፊት አስነስተውታል። ሲቀዘቅዝ አልነሳ እያለ ያስቸግራቸዋል ማለት ነው።»

ደላላው በሽር ከጎኗ ቆሞ ይሰማ ነበር። «እትዬ ዘሀራ፣ ወላሂ ፀሐይ ነው ያሞቀው» አለ። ዘሀራ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ከተማውን ሸፍኖታል፤ እንኳን ብረት የሚያሞቅ፣ ልብስ የሚያደርቅ ፀሐይም አልወጣም። በሽርም አብሯት ቀና አለና መሳቅ ጀመረ። እሷም ሳቀች። ተሳስቀው ተለያዩ፤ መኪናው ግን እዚያው ቀረ።

ሱሀይላ መኪና ልግዛ ማለት ከጀመረች ከርማለች። ጅዳ የገባችው ለቤት ሥራ ነበር። በኋላ በዚያ አገር ሴት መንዳት ሲፈቀድላት አሠሪዋ «ልጆቼን ለማላውቀው ሰው ከምሰጥ አንቺ ተማሪ» ብላ መንጃ ፈቃድ አስወጣቻት። ከዚያ ወዲህ የሰው ልጆች በሰው መኪና ስታመላልስ ኖራለች። ሐሳቧ አገሯ ገብታ ኮምቦልቻና ደሴ መካከል መሥራት ነው፤ ነፍሰ ጡሯን ሆስፒታል፣ እንግዳውን አውሮፕላን ማረፊያ ማድረስ። ሴት ሾፌር የሚፈልግ ሰው ሞልቷል ትላለች።

«መኪናው ከተገኘ እመጣለሁ» አለቻት አንድ ቀን ለእናቷ። «ካልተገኘ ግን መጥቼ ምን እሆናለሁ? ትንሽ ቆይቼ ተመልሼ መሄዴ ነው።»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ዘሀራ በመንገድ የሚያልፍ መኪና ሁሉ የልጇ መምጫ መስሎ ይታያት ጀመር። ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ ሂጃብና ሽርጥ የምትሸጥባትን ሱቅ ለጎረቤት አደራ እያለች፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ደሴ መውጣትና መውረድ ሥራዋ ሆነ።

መኪና መግዛት እንዲህ ያለ ጣጣ አለው ብላ አስባ አታውቅም። በነዳጅ የሚሄድ መኪና ከውጭ ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው ሁሉ ተወዷል፤ ትናንት ያዩት ዛሬ የለም። ደጋን ከተማ ላይ ሱሀይላ በጣም የወደደችው አንድ ነጭ መኪና ተገኝቶ ነበር። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ጅዳ ባንክ ተዘግቷል። ቅዳሜም እዚያ ዝግ ነው። እሑድ እዚያ ሲከፈት እዚህ ተዘጋ። ሰኞ ሁለቱም ሲከፈቱ መኪናው ተሸጦ አፋር ገብቷል። ሌላው በፎቶ ቀይ ሆኖ ተልኮላት፣ ሄዳ ስታየው ሰማያዊ ሆኖ ጠበቃት። ባለቤቱን ብትጠይቀው «ቀለሙ ምን ያደርጋል? ሞተሩ እንደሆነ ያው ነው» አላት። አንዳንዴ ደግሞ መኪናው ጥሩ፣ ባለቤቱም ጥሩ ሆኖ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ዘሀራ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዛ የሰው ግቢ ውስጥ ስትዞር፣ ሱሀይላ ከመኪናው ይልቅ የቤቱን ጣራና የእናቷን አገጭ ስታይ ትውላለች።

«አብሽሪ እማ፣ የተጻፈልኝ ሪዝቄ ከሆነ የትም አይሄድም» ትላታለች በመጨረሻ። ዘሀራ ግን ልጇ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት የምትተነፍሰውን ረጅም ትንፋሽ ትሰማዋለች።

ጋሽ ጥበቡን ያገኘቻቸው በዚሁ በበሽር በኩል ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መድኃኒት ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ግራጫ ኮሮላ አላቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ሐኪም ከመንዳት ከልክሏቸዋል። ዘሀራ ኮፈኑን ስትዳስሰው እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዟል። ጋሽ ጥበቡ ቁልፉን ለበሽር ሰጥተው ሞተሩን አስነሱት፤ ወዲያው ተነሣ።

«ከመጀመራችን በፊት ጉድለቱን ልንገርዎ» አሏት። «ረጅም ዳገት ላይ ከጫኑት ይሞቃል። የግራው የኋላ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ አንድ ክረምት ሙሉ ላሠራው እያልኩ ነው የተውኩት። አንድ ጊዜም ከኋላ ተገጭቷል፤ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም፣ ቢሆንም ተገጭቷል።»

ሱሀይላ በስልክ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «እማ፣ ይሄ ነው» አለች። «ሌላ አታሳዪኝ።»

በዋጋው ተስማሙ። የቀረው ዘሀራ በልጇ ፈንታ መፈረም የምትችልበት ውክልና ነበር። ሱሀይላ ጅዳ ላይ ከሥራ ፈቃድ እየለመነች፣ ሰልፍ እየተሰለፈች፣ አንዱን ማኅተም ስታገኝ ሌላው ጎደለ እየተባለች አወጣችው። ወረቀቱ በመንገደኛ እጅ አዲስ አበባ ገባ፤ እዚያም ሌላ ማኅተም ተመትቶበት ደሴ ደረሰ። ዘሀራ በፌስታል ጠቅልላ፣ ከሱሀይላ የቀበሌ መታወቂያ ጋር ይዛው የመኪና ስም ወደሚዞርበት ቢሮ ሄደች።

ጸሐፊዋ ልጅ ትሑት ነበረች። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸውና ፊቷ ተቀየረ።

«እናቴ፣ ውክልና የሰጠችው ሱሀይላ ሀቢብ ናት። መታወቂያው ግን ሱሀይላ ሀፊዝ ነው የሚለው።»

«አንድ ናቸው ልጄ። አንድ ሰው ናት።»

«ሁለት አባት ነው ያላት እኮ።»

«አባቷ ሀፊዝ ነው። ባሌ ነው፤ እኔ ነኝ የወለድኳት።»

«አምንዎታለሁ» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ባምን ግን አይበቃም።»

ነገሩ የቆየ ነው። ሱሀይላን ወደ ውጭ የላካት ደላላ ፓስፖርቱን ሲያስወጣ የአባቷን ስም አበላሽቶት ነበር። ሀፊዝ ሀቢብ ሆነ። ቤተሰቡ ይህን ያወቀው ልጅቷ ልትሳፈር አንድ ቀን ሲቀራት ነው፤ ደላላው «ምን አላት፣ ስትመለስ ይስተካከላል» ብሎ አለፈው። ሀፊዝ በሕይወት ሳለ «ሀቢብ የሚባል ሰው ልጄን ወሰደብኝ» እያለ ሰውን ያስቅ ነበር። ሰው ስቆ ሲጨርስ እሱ ዝም ይላል። ልጁ ከሄደች በኋላ ታመመ፣ ሞተ፤ በትውልድ ቀዬው በቢስቲማ ተቀበረ። ሱሀይላ አልደረሰችለትም።

የሀፊዝ ወንድም እንድሪስ ነገሩን ሰምቶ የዚያኑ ቀን ወደ ዘሀራ ቤት መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። «ምን ያስጨንቅሻል?» አላት። «በእኔ ስም ይዙር። ወይም በእኔ ከከበደሽ በአንቺው ስም። ልጅቷ ስትመጣ ወደ ስሟ ታዞረዋለች።» በሽርም ይህንኑ ነው ያለው። ዘሀራም በልቧ መፍትሔው ተገኘ ብላ ደስ አላት። ማታ ስትደውልላት ለልጇ የምሥራች እንደምትነግር ሆና ጀመረች።

«አይሆንም እማ» አለች ሱሀይላ።

«ለምን አይሆንም? ለጊዜው እኮ ነው።»

«አይሆንም ብያለሁ።»

ዘሀራ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ምን ልበላብሽ ነው? አጎትሽስ ይቅር፣ እኔን እናትሽን ፈራሽ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«እንግዲያው ምንድን ነው ያልሽው? ሰውየው ለሌላ ሲሸጠው ቁጭ ብዬ ልይ? በብርድ በጉም ስወጣ ስወርድ የከረምኩት ለምንድን ነው?»

ዘሀራ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«እማ» አለች ሱሀይላ ቆይታ። «እዚህ አንድም ሰው በአባቴ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። ክሊኒክ ብሄድ ሀቢብ ነኝ። መንጃ ፈቃዴ ሀቢብ ነው። አባዬ ሲሞት እንድመጣ ፈቃድ ስጠይቅ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? የሞተው ሀፊዝ ነው፣ ያንቺ አባት ሀቢብ ነው አሉኝ። ለማላውቀው ሰው ለቅሶ ልሄድ የዋሸሁ መሰላቸው።»

ዘሀራ ይህን አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ ሱሀይላ የነገረቻት «ከለከሉኝ» ብላ ብቻ ነው። ዘሀራም ለቀስተኛው «ልጅቱስ?» ባላት ቁጥር «ከለከሏት» እያለች መልሳለች፤ በውስጧ ግን፣ ጠንክራ ብትለምናቸው ኖሮ ይለቋት ነበር የሚል ቅሬታ ቀርቶባት ነበር። ለማንም አልተናገረችውም።

«አንድ ነገር እንኳን በስሜ ይሁንልኝ» አለች ሱሀይላ። «መኪናው ቢቀር ይቀራል።»

«እሺ» አለች ዘሀራ። «እሺ ልጄ። ተይ አትበይኝ እንጂ እኔ ልሞክረው።»

በማግሥቱ ጋሽ ጥበቡ ዘንድ ወጣች። ሰውየውን በተስፋ አስሮ ማቆየት ነውር ስለመሰላት ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ ነግራ «ሌላ ገዢ ካለ ይሽጡለት፤ አልቀየምዎትም» አለቻቸው።

ጋሽ ጥበቡ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ገዢማ አለ። በቀደም መጥቶ ነበር። ሊነዳው አይደለም፣ ዕቃውን አውልቆ ሊሸጠው ነው። ልጆቼን በዚህ መኪና ነው ያሳደግኳቸው፤ ሲበታተን ማየት አልፈልግም።» ትንሽ አሰቡ። «እኔ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም። ዓይኔ እንደሆነ አይመለስ። ልጅቷ ስሟን ታስተካክልና ትምጣ፤ ራሷ ነድታ ትውሰደው።»

«ቢቆይስ?»

«ይቆያላ።»

ዘሀራ የዚያን ዕለት ስትወርድ ሚኒባሱ ውስጥ አልተቀመጠችም ቢባል ይሻላል፤ ሐሳቧ ቀድሟት ሀፊዝን የሚያውቁ ሰዎች ወዳሉበት ወደ ቢስቲማ ገብቶ ነበር። አንድ ጠበቃ አማከረች። ሱሀይላ ሀቢብና ሱሀይላ ሀፊዝ አንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት ቢያረጋግጥላት ሌላው ሁሉ ይከተላል አላት፤ ለዚህም ልጅቷን ከውልደቷ ጀምሮ የሚያውቁ ሰዎች መመስከር አለባቸው። የሚያውቋት ደግሞ ቢስቲማ ነው ያሉት።

ሄደች። ሀፊዝ ከሞተ ወዲህ ቢስቲማ የምትሄደው ለዓመት ዱዓው ብቻ ነበር። አሁን በር እያንኳኳች «ሀፊዝን ታስታውሱታላችሁ?» ማለት ጀመረች። ሰዎቹ ተገረሙባት። እንዴት አናስታውሰውም እያሉ፣ እያንዳንዱ አንድ የሀፊዝ ታሪክ ሳይነግራት አይለቃትም። በቅሎውን ለጎረቤት ሲያውስ፣ ሠርግ ላይ ሲጨፍር፣ ደጉ ከሚባል ጎረቤቱ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተው በነጋታው አብረው ሲያርሱ። ራሱ ደጉም እመሰክራለሁ አለ። በመጨረሻ ሚኒባስ ተኮናትራ ሽማግሌዎቹን ይዛ ወረደች፤ መንገዱን ሙሉ ሲጨዋወቱ ነው የመጡት፤ ወደ ችሎት ሳይሆን ወደ ድግስ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

ችሎቱ ውስጥ በመጀመሪያ የተጠሩት ሸህ ጀማሉዲን ናቸው። በዱላ ተደግፈው ቆሙ። ዳኛው «ሱሀይላን እንዴት ያውቋታል?» ሲሏቸው ጥያቄው ግር እንዳላቸው ሁሉ ዘሀራን አዩአት።

«በተወለደች ጊዜ በጆሮዋ አዛን ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሀፊዝ ነው አቅፎ ያመጣልኝ። ስሟ የወጣ ዕለት ሙክት አረደ። ለሴት ልጅ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ብለው የሳቁበት ነበሩ፤ አልሰማቸውም። ሀቢብ የሚባል ሰው በመንደራችን የለም። ኖሮም አያውቅ።»

ዘሀራ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ባሏ ከሞተ በኋላ እንዲህ በአደባባይ፣ በሙሉ ድምፅ ስሙ ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ቀን ነው።

ውሳኔው ወዲያው አልመጣም፤ ቀጠሮ ተለወጠ፣ ዳኛው ታመሙ፣ መብራት ጠፍቶ ማተም አልተቻለም ተባለ። ቢሆንም መጣ። ዘሀራ ወረቀቱን በስልክ አንሥታ ለሱሀይላ ላከችው። ሱሀይላ በጽሑፍ ምንም አልመለሰችም። ደውላ አለቀሰች፤ ከዚያ ወደ አገሯ ለመግባት አሠሪዋን ፈቃድ ጠየቀች።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ዘሀራ በመጀመሪያ አላወቀቻትም፤ ጠይም ነበረች፣ አሁን ቀልታለች፣ ወፈርም ብላለች። አንገቷ ላይ ስትጠመጠም ግን ያው የድሮ ልጇ ናት። በማግሥቱ ሁለቱም ደሴ ወጡ።

ጋሽ ጥበቡ መኪናውን አሳጥበው ደጅ አስቁመውታል። ሱሀይላ ዞራ አየችው፣ ጎማውን በእግሯ ነካ ነካ አደረገች፣ እንደ አዋቂ ሾፌር መቀመጫውን አስተካክላ ገባች። ጋሽ ጥበቡ ከጎኗ፣ ዘሀራ ከኋላ ተቀመጡ። ሱሀይላ እጇን ወደ ማርሹ ላከችና እዚያው ቀረች።

«ጋሽ ጥበቡ፣ ይሄ ማኑዋል ነው።»

«አዎ ልጄ።»

«እኔ የነዳሁት አውቶማቲክ ብቻ ነው።»

ስለ ሞተሩ ድምፅ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ዘይቱ፣ ከሥሩ ስለሚንጠባጠበው ነገር ሁሉ ተጠይቋል፤ ዘሀራም ስልኩን ወደተባለችው ቦታ ሁሉ አዙራለች። ስለ ማርሹ ግን ሱሀይላ አልጠየቀች፣ ዘሀራ አላሳየች፣ በሽር አልተናገረ።

ቢሆንም ሞከረችው። ፍሪሲዮኑን ስትለቀው መኪናው እንደ ፈረስ ዘለለና ጠፋ። እንደገና አስነሣችው፤ ጠፋ። ከግቢው ወጥተው ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ጋሽ ጥበቡ የእጅ ፍሬኑን ባይስቡት ከኋላ ያለውን ባጃጅ ሊገጩ ነበር። ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ሱሀይላ ወርዳ መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አይሆንልኝም» አለች። «ጅዳ መንገዱ ሜዳ ነው። ይሄን ተራራ በዚህ ማርሽ ልወጣው አልችልም። ዝም ብዬ ነው ሰው ያለፋሁት።»

ዘሀራ በቀኙ በር ወርዳ ከፊቷ ቆመች። ልታባብላት ነበር የመጣችው፤ ስታያት ግን ሌላ ነገር ከአፏ ወጣ። «ቢስቲማ ድረስ ሄጄ አንድ ሚኒባስ ሽማግሌ ያመጣሁት ድንጋይ ላይ እንድትቀመጪ አይደለም። ተነሺ።»

ሱሀይላ ቀና ብላ እናቷን አየቻት፤ ሳቋ አመለጣት። ባጃጁን የሚነዳውም ሰው ሳቀና በጎን አልፏቸው ሄደ።

ጋሽ ጥበቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሯት። ጠዋት ጠዋት መንገዱ ሰው ሳይበዛበት ይወጣሉ። ዓይናቸው በደንብ ባያይም ጆሯቸው ይበቃቸዋል፤ «አሁን ቀይሪ፣ ሞተሩ እየለመነሽ ነው» ይሏታል። ዘሀራ አንዳንዴ ከኋላ ተቀምጣ ትዞራለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን ልቧ ስለማይችል ግቢ ውስጥ ከጋሽ ጥበቡ ባለቤት ከእትዬ ወለተ ማርያም ጋር ሆና ትጠብቃቸዋለች። በመካከሉ የውጭውን መንጃ ፈቃድ በአገር ውስጥ ማስቀየርም ነበር፤ እሱም የራሱ ቀጠሮና የራሱ ሰልፍ ነበረው። ሱሀይላ ግን አሁን ሰልፉን እየተሳለቀች ትሰለፈው ጀመር።

ስም በሚዞርበት ቀን ጋሽ ጥበቡ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ቢሮው ጢም ብሏል። ከመስኮቱ ውስጥ አንድ ሰው «ሱሀይላ ሀፊዝ» ብሎ ተጣራ። ሱሀይላ ስልኳን ታያለች። «ሱሀይላ ሀፊዝ» አለ ሰውየው ደግሞ። ዘሀራ ልጇን በክርኗ ነካቻት።

«አንቺን ነው እኮ።»

«እኔን ነው?» አለች ሱሀይላ፤ ከዚያ ብድግ አለች። «አቤት። አለሁ። እኔ ነኝ።» ድምጿ ከሚያስፈልገው በላይ ወጥቶ ሰዉ ዞሮ አያት። ስትፈርም እጇ ዘገየ፤ የአባቷን ስም ፊደል በፊደል ጻፈችው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ሱሀይላ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ እያለች ነው የወረደችው። ከኋላቸው የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል፤ አንዱ ደጋግሞ ይጮህባቸዋል። «ይጩህ» አለች ሱሀይላ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። ጉሙ ከላይ ቀርቶ አየሩ እየሞቀ፣ የኮምቦልቻ ሜዳ ከታች እየተገለጠ ሄደ።

ዘሀራ ልትጠይቃት የፈራችው ነገር ነበር። ልጇ የመጣችው በፈቃድ ነው፤ የመመለሻ ትኬቷ ሻንጣዋ ውስጥ አለ፣ የአሠሪዎቿም ልጆች በየማታው መቼ ትመጫለሽ እያሉ ድምፅ ይልኩላታል።

«እመቤቲቱ ደወለች?» አለች በመጨረሻ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

«ደውላለች። ሌላ ሾፌር ፈልጊ አልኳት።» ሱሀይላ ማርሽ ቀየረች፤ ትንሽ አንገራገረና ገባላት። «ተቀይማለች። ልጆቹ ግን ይናፍቁኛል እማ። ወላሂ ይናፍቁኛል።»

«ይናፍቁሻል» አለች ዘሀራ። ደስታዋን ልታሳያት አልፈለገችም፤ ፊቷን ግን መቆጣጠር አልቻለችም።

ኮምቦልቻ ሲገቡ ነዳጁ እያለቀ ነበር። ማደያው ጋ የቆመው ሰልፍ መንገዱን ተከትሎ እስከ መታጠፊያው ደርሷል፤ ሾፌሮቹ ወርደው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሱሀይላ ከመጨረሻው መኪና ኋላ ተጠግታ ሞተሩን አጠፋች። አንዱ ሾፌር መሪ የያዘችውን ሴት አይቶ «እህቴ፣ እስከ ማታም ላይደርሰን ይችላል» አላት።

«ምን ችግር አለው፣ እጠብቃለሁ» አለችው።

ዘሀራ ወርዳ ወደ ሱቋ መሄድ ትችል ነበር፤ ቅርብ ነው። አልሄደችም። ከመንገዱ ማዶ ብርቱካን ከምትሸጥ ሴት ጥቂት ገዝታ ተመለሰችና ከፊት ወንበር ተቀመጠች፤ አንዱን ልጣ ግማሹን ለልጇ ሰጠቻት። ሰልፉ አንድ መኪና ያህል ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። ሱሀይላ ብርቱካኑን እንደጎረሰች ሞተሩን አስነሣች፤ መኪናው ሳይዘል፣ ሳይጠፋ ቀስ ብሎ ተጠጋ።